የልጆችን የመለያ ቆጠራ ከነተለዋጮቹ እንዴት እንመዝግብ?

ልጆች ጨዋታ ከመጀመራቸው በፊት አባራሪው ወይም ፈላጊው ማን እንደሚሆን ለመለየት ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ጓደኞቹን በጣቱ በተራ እየነካ አጭር ግጥም ይላል፤ የመጨረሻው ምት ያረፈበት ልጅ ወይ ከቆጠራው ይወጣል፣ ወይ ተረኛ ይሆናል። በብዙ የዓለም ቋንቋዎች የሚገኘው ይህ የመለያ ቆጠራ ከሥነ ቃል ዘርፎች ሁሉ በቀላሉ ከሚታለፉት አንዱ ነው፤ በጥቂት ሰከንድ ያልቃል፣ ልጆቹ ራሳቸውም የጨዋታ መንደርደሪያ እንጂ ጨዋታ አድርገው አይቆጥሩትም። ስለዚህም ሊመዘግበው የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቃላቱን ብቻ ጽፎ ይመለሳል። ቃላቱ ግን የነገሩ ግማሽ ናቸው። እጁ ከማን እንደ ጀመረ፣ ምቱ በየትኛው ቀለም (የቃል ክፍለ ድምፅ) ላይ እንደ ወደቀ፣ ግጥሙ እንዴት እንደ ተዘጋ ካልታወቀ አንዱን ተለዋጭ (የአንዱን ቆጠራ የተለያየ አባባል) ከሌላው ጋር በትክክል ማነጻጸር አይቻልም። ይህ መመሪያ ቆጠራን ከልጆች አፍ ሰምቶ ከነእጁና ከነምቱ ለመመዝገብ፣ ከዚያም ተለዋጮቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ለማጥናት ለሚፈልግ መምህር፣ ወላጅ ወይም የሥነ ቃል ተማሪ የተዘጋጀ ነው።

ፈቃድ፣ አቀራረብ፣ አሰማም

ከልጆች ጋር የሚደረግ ምዝገባ ሁሉ በፈቃድ ይጀምራል። የወላጅ ወይም የአሳዳጊ፣ ቦታው ትምህርት ቤት ከሆነም የአስተዳደሩ ፈቃድ አስቀድሞ መገኘት አለበት፤ ልጁ ራሱ «አልፈልግም» ካለም ነገሩ እዚያው ይቆማል። የልጁ ስም ለሥራው አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ዕድሜው፣ ጾታው፣ ያደገበት አካባቢ፣ በቤቱ የሚነገረው ቋንቋ፣ የተቀዳበት ቀንና ቆጠራውን ከማን እንደ ተማረ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የመጨረሻው ሲሆን፣ በእኔ ግምት ግን ከሁሉም የላቀ ዋጋ ያለው እሱ ነው፤ ምክንያቱም ተለዋጮች ከቦታ ወደ ቦታ በምን መንገድ እንደሚጓዙ የሚጠቁመው «ከታላቅ እኅቴ» ወይም «ከሌላ ትምህርት ቤት ከመጣ ልጅ» የሚለው አጭር መልስ ነው። አዮና እና ፒተር ኦፒ የተባሉት ባልና ሚስት በብሪታንያ ወደ 5000 ከሚጠጉ ተማሪዎች ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት ጥናት ያሳዩት ዋና ነገርም ይኸው ነበር፦ የልጆች ቃል በአብዛኛው ከልጅ ወደ ልጅ እንጂ ከአዋቂ ወደ ልጅ አይተላለፍም።

በመጀመሪያ ቀን «ግጥም በሉልኝ» ብሎ መጀመር ጥሩ አይደለም። በአዋቂ ፊት ቀጥ ብሎ የቆመ ልጅ እጁን አንጠልጥሎ፣ ትክክለኛ መስሎ የታየውን ቅጂ እንደ ትምህርት ጥያቄ ይመልሳል፤ ምቱም፣ መጨረሻ ላይ የሚቀጠሉት ጭማሪዎችም አብረው ይጠፋሉ። ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ይጫወቱ፤ መዝጋቢው ከዳር ሆኖ ይመልከት፤ ጥያቄው ከዚያ በኋላ ይምጣ። በምስል የሚቀዳ ከሆነ ካሜራው ፊት ላይ ሳይሆን እጅና እግር ላይ ቢያነጣጥር የልጆቹ ማንነት ይጠበቃል፤ ለሥራው የሚፈለገውም እዚያው ይገኛል።

ቅጂው ሁለት ጊዜ መወሰድ አለበት። የመጀመሪያው በተለመደው ፍጥነት፣ ሳይቋረጥ፤ ሁለተኛው ቃላቱ ጎልተው እንዲሰሙ በዝግታ። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ጉዳት አለው፤ ልጅ አንዴ በዝግታ እንዲል ከተጠየቀ በኋላ ምቱን ስለሚያስተካክለው ቀጥሎ የሚለው እንደ ቀድሞው አይሆንም። ሁለቱም ሲያልቁ «ሌላ ቦታ እንዴት ይሉታል?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ያስገኛል፤ የሌላውን ሰፈር አባባል «የተሳሳተ ነው» ብለው እየሳቁ የሚነግሩ ልጆች ሌላ ተለዋጭ በነጻ እየሰጡ ነውና። መዝጋቢው በዚህ ክርክር ውስጥ ዳኛ ሊሆን አይገባም። ለሁሉም እኩል ቦታ ይስጥ፤ «ዋናው ግጥም» የሚባል ነገር የለም፤ ያለው በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ አንድ ልጅ የተናገረው ነው።

አዋቂዎች ከልጅነታቸው የሚያስታውሱትም ይሰብሰብ፤ ነገር ግን ከልጆቹ ቅጂ ጋር አይቀላቀል። በተለየ መዝገብ፣ ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ግጥሙን በየትኛው አሠርተ ዓመት እንደ ተጫወቱበት ተጠቅሶ ይቀመጥ።

ፊደል የማያሳየውን መጻፍ

በአማርኛ ፊደል የሚጽፍ ሰው ከሁለት ችግሮች ጋር ይጋፈጣል፦ ፊደሉ ጥብቀትን (ድምፁ ጠብቆ መነገሩን) አያሳይም፣ ሳድሱም (ስድስተኛው የፊደል ቅርጽ) አንዳንድ ጊዜ ከአናባቢ ጋር አንዳንድ ጊዜ ያለ አናባቢ ይነበባል። በተራ ጽሑፍ አንባቢው ከዐውዱ ስለሚረዳ ችግር የለም፤ ቆጠራ ግን የሚኖረው በምት ስለሆነ እነዚህ ሁለቱ ከተዘለሉ መዝገቡ ይጎድላል። ነገሩን ቀረብ ብሎ ለማየት፣ ለማሳያ ያህል ብቻ የገጠምኳቸውን ሁለት ስንኞች እንውሰድ፤ ከምት በፊት ጭረት ተደርጓል።

/አንድ /ሁለት /ሦስት /አራት፣
/ማነው /የሚሮጥ /በዚህ /ሰዓት?

ሁለቱ ስንኞች ቤት ይመታሉ፤ ይሁን እንጂ በ«አራት» መጨረሻ ያለው ት ይጠብቃል፣ በ«ሰዓት» ላይ ያለው ይላላል፤ «ማነው» በሚለው ውስጥም ነ ይጠብቃል። ጥብቀትን ለማመልከት በሰዋስው መጻሕፍት እንደሚደረገው በፊደሉ አናት ላይ ሁለት ነጥብ ማኖር ይቻላል፦ ማነ፟ው። ምልክቱ በዩኒኮድም የራሱ ቦታ አለው፤ በአንዳንድ ስልኮች ላይ በትክክል ስለማይታይ ግን መዝጋቢው በእጅ የተጻፈውን ገጽ ጭምር ቢያስቀምጥ ይበጃል።

አሁን ምቱን እንቁጠር፦ ስምንት ነው። አራት ልጆች ከቆሙ ስምንተኛው ምት አራተኛው ልጅ ላይ ያርፋል። ሌላ ልጅ ግን «የሚሮጥ» የሚለውን በአንድ ንክኪ ከማለፍ ይልቅ «/የሚ/ሮጥ» ብሎ ለሁለት ቢከፍለው ምቱ ዘጠኝ ይሆናል፤ ዘጠነኛው ደግሞ ቆጠራው የተጀመረበት ልጅ ላይ ተመልሶ ይወድቃል። በወረቀት ላይ ሁለቱ ግጥሞች አንድም ፊደል አይለያዩም፤ በሜዳው ላይ ግን የተለያየ ልጅ ያስወጣሉ። ስለዚህ ጭረቶቹ ጌጥ አይደሉም፤ እነሱ ከሌሉ ተለዋጩ አልተመዘገበም።

ትርጉም የሌላቸው ቃላት ሌላ ጥንቃቄ ይሻሉ። ቆጠራ እንዲህ ባሉ ቃላት የተሞላ ነው፤ መዝጋቢውም ሳያውቀው ወደሚያውቀው ቃል ሊያርማቸው ይችላል። የተሰማው ድምፅ እንደ ተሰማ ይጻፍ፤ የልጁ አስተያየት ካለ («ይህ የሰው ስም ነው» ቢል) በግርጌ ይቀመጥ። በድምፅ አንድ የሆኑትን ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በተመለከተ ለእንደዚህ ያሉ ቃላት ከየቡድኑ አንዱን ብቻ መርጦ እስከ መጨረሻው በእሱ መጻፍ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ በኋላ በኮምፒውተር ሲፈለግ አንዱ ቃል በሦስት ቦታ ተበታትኖ ይገኛል። ትርጉም ያላቸው ቃላት ግን የተለመደውን አጻጻፋቸውን ይያዙ።

እጁ የሚናገረው

ለእያንዳንዱ ቅጂ አጭር የእጅ መግለጫ ይጻፍለት። ቆጣሪው ራሱን ይቆጥራል ወይስ ይዘላል? የመጀመሪያው ምት በራሱ ላይ ነው ወይስ በአጠገቡ ባለው? የሚነካው ደረት ነው፣ ጫማ ነው፣ ወይስ የተዘረጋ ቡጢ? እያንዳንዱ ልጅ ሁለት ቡጢ ከዘረጋ የሚቆጠረው ቁጥር በእጥፍ ያድጋል፤ አንድ ቡጢው የወጣበት ልጅም በሌላው እየተቆጠረ ይቆያል። ምቱ ያረፈበት ልጅ ወዲያው ተረኛ ይሆናል፣ ወይስ ይወጣና ቆጠራው የመጨረሻው ልጅ እስኪቀር ይቀጥላል? ሲቀጥልስ ከወጣው ልጅ ቀጥሎ ካለው ይነሣል፣ ወይስ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል?

በአማርኛ ለሚባሉ ቆጠራዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ማየት ይገባል። መዝጊያው «አንተ ውጣ» ከሆነ ምቱ ሴት ልጅ ላይ ሲያርፍ «አንቺ ውጪ» መሆን አለበት። «አንቺ» የሚለው ቃል የሚነገረው ጣቱ ልጅቱ ጋር ከመድረሱ ከአንድ ምት በፊት ከሆነ፣ ቆጣሪው ማን ላይ እንደሚያርፍ ቀድሞ አይቶታል ማለት ነው። ጣቱ ካረፈ በኋላ ቃሉን ያስተካከለ እንደሆነ ደግሞ አላየውም ነበር። የሚነገረውን ሰው በጾታ የሚለዩ ቋንቋዎች የሚሰጡት ምልክት ስለሆነ በቅጂው ላይ ጊዜ ወስዶ ማዳመጥ ያስፈልጋል።

ሒሳቡና ብልሃቱ

ልጆች ቆጠራን የሚወዱት ማንንም ስለማያዳላ ነው፤ ብዙዎቹም ሲጠየቁ እንዲህ ይላሉ። ሒሳቡ ግን ዕድል የለበትም። የምቶቹን ቁጥር ለልጆቹ ቁጥር ማካፈል፣ ቀሪውን ማየት ነው፤ ቀሪው አንድ ከሆነ የመጀመሪያው፣ ሁለት ከሆነ ሁለተኛው ይወጣል፣ ምንም ካልቀረ የመጨረሻው።

በእንግሊዝኛ «ኢኒ ሚኒ ማይኒ ሞ» ብሎ የሚጀምረውን በሰፊው የታወቀ ቆጠራ እንውሰድ፤ የተለመደው መልኩ አራት ስንኝ፣ በየስንኙ አራት ምት፣ በድምሩ 16 ምት ነው። አምስት ልጆች ቆመው ከወጣው ቀጥሎ ካለው እየተነሣ እስከ መጨረሻው ቢቆጠር በቅደም ተከተል 1ኛው፣ 5ኛው፣ 2ኛውና 4ኛው ይወጣሉ፤ የሚቀረው 3ኛው ነው። አንድ ምት ተጨምሮ 17 ቢሆን 2ኛው፣ 3ኛው፣ 5ኛውና 1ኛው ወጥተው 4ኛው ይቀራል። ሙሉ ስንኝ ተጨምሮ 20 ቢሆን ደግሞ የሚወጡት 5ኛው፣ 4ኛው፣ 2ኛውና 1ኛው ሲሆኑ የሚቀረው እንደገና 3ኛው ነው። ስለዚህ ረጅም ጭማሪ ሁልጊዜ ትልቅ ለውጥ ያመጣል፣ አጭሩ አያመጣም ብሎ መገመት አይቻልም፤ እያንዳንዱን ተለዋጭ በወረቀት ላይ ቆጥሮ ማየት ያስፈልጋል።

ይህን ልጆችም ያውቁታል። የሥነ ቃል ተመራማሪው ኬኔት ጎልድስታይን በፊላደልፊያ ልጆች መካከል አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ ቆጣሪዎች የፈለጉት ልጅ እንዲመረጥ ወይም እንዳይመረጥ ግጥሙን ያስረዝማሉ፣ እንደ ልጆቹ ብዛት ግጥም ይመርጣሉ፣ ራሳቸውን ይዘላሉ፣ የሚቆሙበትን ቦታ ይለውጣሉ። ለመዝጋቢው ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፤ መጨረሻ ላይ የተቀጠለ ስንኝ ሲሰማ «ረጅሙ ተለዋጭ» ብሎ ከመጻፉ በፊት ያለ ጭማሪው ማን ሊወጣ እንደ ነበረ ቆጥሮ ይመልከት። ቆጣሪው ራሱ ወይም የቅርብ ጓደኛው ሆኖ ከተገኘ ጭማሪው የአካባቢው ልማድ ሳይሆን የዚያች ደቂቃ ብልሃት ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ ለመሆን ያው ልጅ በሌላ ጊዜ፣ በተለያየ ብዛት ባላቸው ልጆች መካከል ሲቆጥር ደግሞ ደጋግሞ መስማት ነው።

ተለዋጮችን ማነጻጸር

ከተሰበሰቡ በኋላ እያንዳንዱን ግጥም በመክፈቻ፣ በመሐልና በመዝጊያ ከፍሎ በሦስት ዓምድ ማስቀመጥ ንጽጽሩን ያቀላል። ሦስቱ ክፍሎች የሚለወጡበት ፍጥነት የተለያየ ነው። መክፈቻው ግጥሙ የሚታወቅበት ስሙም ስለሆነ ብዙ ጊዜ ጸንቶ ይቆያል፤ መሐሉ አዳዲስ ስሞችንና ነገሮችን ይቀበላል፤ መዝጊያው ከአንዱ ግጥም ተነቅሎ ወደ ሌላው ይገባል። ለምሳሌ የፖላንድ ልጆች «ና ኮጎ ቪፓድኒዬ፣ ና ቴጎ ቤንትስ» የሚለውን፣ ትርጉሙም «በማን ላይ ቢወድቅ፣ እሱ ላይ ድው!» የሆነውን መዝጊያ በተለያዩ ቆጠራዎች ጫፍ ላይ ይቀጥሉታል። በጃፓን «ዶቺራ ኒ ሺዮ ካና» ወይም «የትኛውን ልምረጥ» የሚለው መክፈቻ በሰፊው አንድ ሆኖ ሳለ ከእሱ በኋላ የሚመጣው መዝጊያ ከክልል ክልል በጣም ይለያያል። ስለዚህ ሁለት ግጥሞች በመዝጊያ ብቻ ቢመሳሰሉ አንድ ናቸው ማለት አይደለም፤ በመዝጊያ ብቻ ቢለያዩም ሁለት ናቸው ማለት አይደለም።

ትርጉም የሌላቸው ቃላት ከሚታሰበው በላይ ጽኑ መሆናቸው ጀማሪን ያስደንቃል። የሥነ ልቡና ተመራማሪው ዴቪድ ሩቢን በቃል ስለሚተላለፉ ግጥሞች እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው ጥናት እንዳብራራው፣ ቃሉን በቦታው የሚያቆየው ትርጉሙ ብቻ አይደለም፤ ምቱ፣ ቤት መምታቱና የድምፅ ድግግሞሹ ተባብረው ይይዙታል፤ በቆጠራ ላይ ደግሞ የድምፁ ኃይል ይበልጣል። አንድ ቃል በሌላ ሲተካም ተተኪው ብዙውን ጊዜ ያንኑ ምት ይዞ፣ ያንኑ ቤት መትቶ ይገባል። ከዚህ የሚገኘው ተግባራዊ ምክር፣ በሰንጠረዡ ላይ የተለወጠውን ቃል ብቻ ሳይሆን ከአሮጌው ጋር የሚጋራውን ድምፅ ጭምር ማስመር ነው።

በቋንቋዎች መካከል ሲነጻጸር ጥንቃቄው ይጨምራል። የእንግሊዝኛው «ኢኒ ሚኒ»፣ የጀርመንኛው «ኤነ ሜነ ሙ፣ ኡንት ራውስ ቢስት ዱ» እና የሆላንድኛው «ኢነ ሚነ ሙተ» በጆሮ ሲሰሙ የአንድ ቤት ልጆች ይመስላሉ። የስዊድንኛው «ኡሌ ዱሌ ዶፍ» ግን በአካሄድ እንጂ በቃል አይመስላቸውም፤ የፈረንሳይኛው «አም ስትራም ግራም፣ ፒክ ኤ ፒክ ኤ ኮሌግራም» ደግሞ የራሱ መንገድ አለው። ድምፅ መመሳሰሉ መዝግቦ ሊቀመጥ የሚገባ ነገር ነው፤ ማን ከማን እንደ ወሰደ የሚነግር ማስረጃ ግን አይደለም።

ስለ ጥንታዊነት የሚነገረው

ሰብሳቢ ሁሉ ውሎ አድሮ «ይህ ከጥንት የጠንቋዮች ጸሎት የተረፈ ነው» ከሚል ማብራሪያ ጋር ይገናኛል። አሜሪካዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሄንሪ ካሪንግተን ቦልተን ከ800 በላይ ቆጠራዎችን ከተለያዩ ቋንቋዎች አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ1888 ሲያሳትም፣ ልማዱን ከጥንት ዕጣ መጣልና ከጥንቆላ ጋር አያይዞት ነበር። ስብስቡ ዛሬም ጠቃሚ ነው፤ መላምቱን ግን ማስረጃ አድርጎ መያዝ አይገባም። በሰሜን እንግሊዝ እረኞች በጎቻቸውን ይቆጥሩበት የነበረው «ያን፣ ታን፣ ቴዘራ፣ መዘራ፣ ፒምፕ» የሚል አቆጣጠርም ብዙ ጊዜ እንደ ምንጭ ይጠቀሳል። ከኬልት ቋንቋዎች አንዱ በሆነው በዌልስ ቋንቋም አምስት «ፒምፕ» ተብሎ ስለሚነገር ከእነዚህ ቋንቋዎች ጋር ዝምድና እንዳለው ይታያል፤ ሆኖም ከጥንት ሳይቋረጥ ቆየ ወይስ በኋላ ዘመን ከጎረቤት ተወሰደ የሚለው አከራካሪ ነው፤ የልጆች ቆጠራ ከእሱ ተወለደ ለማለትም ድምፅ መመሳሰሉ ብቻ አይበቃም።

በተቃራኒው፣ ጥንታዊ የሚመስለው ሁሉ ጥንታዊ አይደለም። የሩሲያ ልጆች በሰፊው የሚያውቁት «ራዝ፣ ድቫ፣ ትሪ፣ ቼቲሬ፣ ፒያት፣ ቪሼል ዛይቺክ ፖጉልያት» (አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ጥንቸሉ ሊንሸራሸር ወጣ) የተባለው ቆጠራ ፊዮዶር ሚለር የተባለ ገጣሚ እ.ኤ.አ. በ1851 ካሳተመው ግጥም የወረደ ነው። ስለዚህ ከልጅ አፍ የተሰማ ሁሉ ደራሲ የለውም ማለት አይቻልም፤ የመማሪያ መጻሕፍትንና የቆዩ የሕፃናት መጽሔቶችን ማገላበጥ የሥራው አካል ነው።

ስድብ ያለበት ሲገኝና አቀማመጥ

ከልጆችም ሆነ ከአዋቂዎች ሰውን በዘሩ፣ በአካሉ ወይም በሃይማኖቱ የሚያንቋሽሽ ተለዋጭ መስማት ያጋጥማል። የእንግሊዝኛው «ኢኒ ሚኒ» ራሱ ቀደም ባሉት ጊዜያት ጥቁሮችን የሚሰድብ ቃል ይዞ በሰፊው ይባል ነበር፤ ዛሬ በቦታው ነብር ገብቷል። እንዲህ ያለው ቅጂ ከመዝገብ አይሰረዝ፤ ቢሰረዝ ተለዋጮቹ ለምንና መቼ እንደ ተለወጡ ማወቅ አይቻልም። ነገር ግን ለብቻው ምልክት ተደርጎበት ለጥናት ብቻ ይቀመጥ፤ ለልጆች በሚዘጋጅ መድበል ወይም በክፍል ውስጥ ይግባ ማለት አይደለም። ከልጅ አፍ ከሰሙትም ልጁን በዚያው ቅጽበት መቆጣት ሳይሆን፣ ቃሉ ማንን እንደሚጎዳ ለብቻ ረጋ ብሎ ማስረዳት ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ ልጁ ቃሉን የሚያውቀው በድምፁ ብቻ ነውና።

እያንዳንዱ ቅጂ አንድ ቁጥር ይሰጠው፤ ድምፁ፣ ምስሉ፣ በእጅ የተጻፈው ገጽና በኮምፒውተር የተጻፈው ያንኑ ቁጥር ይያዙ፤ አንድ ግልባጭም በሌላ ቦታ ይቀመጥ። ተለዋጮቹ በሰንጠረዥ ከተደረደሩ በኋላ ወደዚያው ቡድን መመለስና ያልተረዱትን ቃል እየነቀሱ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የተቻለ እንደሆነም በሚቀጥለው ዓመት፣ ትልልቆቹ ወጥተው አዳዲሶቹ ሲገቡ፣ በዚያው ሜዳ ላይ ያንኑ ቆጠራ እንደገና መቅዳትና ከመጀመሪያው ቅጂ ጋር ምት በምት ማስተያየት ነው።